የእትዬ ዘነበች ሸረሪት

ካዛንቺስ ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሳልፈታው የቆየሁትን የመጨረሻ ካርቶን ትናንት ስከፍት የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የጥቁርና ነጭ ፊልም ኔጋቲቭ ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ መሆኔ ቀርቶ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በጋራ ግቢያችን ሽንት ቤት በር አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ ትንፋሼን ውጬ ራሴን አገኘሁት።

ፎቶ ቤት ይሠራ የነበረው አጎቴ ያዋሰኝን ካሜራ ሌንስ ገልብጦ በፕላስተር አስሮልኝ ነበር፤ እንዲህ ሲደረግ የዝንብ ዓይን እንኳ እንደ ወንፊት ይታያል፣ አንዴ ከተነፈሱ ግን ሁሉም ይደበዝዛል። እኔም ጉንዳኑን፣ ፌንጣውን፣ ጢንዚዛውን እያሳደድኩ ፊልሙን ጨረስኩትና፣ እንቁላሏን በነጭ ከረጢት ታቅፋ በሽንት ቤቱ በር ጥግ ለተቀመጠችው ሸረሪት አንዲት ፎቶ ብቻ ቀረችኝ። ካሜራው ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት ይመለሳል።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ወገባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ሸረሪት ሸንታባቸው ነው ብሎ ፈረደ። ዛሬ ሐኪም ቢጠየቅ ሸረሪቷን በነጻ ያሰናብታት ነበር። ያን ቀን ግን እትዬ ዘነበች መጥረጊያቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆሙ።

«ውረጂ አንቺ! እሷ ናት የሸናችብኝ፣ በቃ!»

«እትዬ፣ በእናትዎ፣ አንዴ ብቻ!»

መጥረጊያው ከራሴ በላይ እንደተነሣ ቀረ። ድሩ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ሸረሪቷ በሌንሱ ውስጥ ትጠራለች፣ ደግሞ ትጠፋለች።  እስክትጠራ ጠብቄ ቁልፉን ተጫንኩት፤ ወዲያው መጥረጊያው ወረደ። እንቁላሎቿም አልተረፉም። ለሰው እንደሚለቀስ አለቀስኩላት፤ እትዬ ዘነበችም ደንግጠው፣ ለሸረሪት ነው እንዲህ የምትሆኚው እያሉ ያባብሉኝ ጀመር።

አጎቴ ፊልሙን አጥቦ፣ «ሸረሪቷስ ቆንጆ ወጥታለች፤ ከጀርባዋ ግን አንድ ነገር ገብቶ አበላሽቶታል» ሲለኝ ተናደድኩና በወረቀት ሳላወጣው ተውኩት።

ትናንት ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሣው ከሸረሪቷ ጀርባ፣ የቤታችን በራፍ ላይ፣ የደበዘዘ ጥቁር ጥላ አየሁ። ኔጋቲቭ ላይ ነጭ ነገር ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ የቆመችው እናቴ ናት። ያ ግቢ ተደልድሎ መንገድ ሆኗል፣ እናቴም ካረፈች ቆይታለች፣ እዚያ በራፍ ላይ የተነሣችው ሌላ ፎቶ የለም። ከሸረሪቷ እግር ላይ እያንዳንዷን ፀጉር መቁጠር እችላለሁ፤ የእናቴን ዓይን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።