አጎዛው ስር የነበረው

መኪናዋ አትሸጥም አልኩ። ይህን ያልኩት አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠው፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ ነው። እሳቸው ግን የሚያወሩት ከእናቴ ጋር ነበር።

«የሴት እግር ፍሪሲዮኗን በላው። ሟች ያን ሁሉ ዘመን ሲነዳት እንዲህ ሆና ታውቃለች? ጨርሳ ሳትሞት ገዥ እንፈልግላት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዤው እመጣለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዝምታዋ ከአጎቴ ንግግር ይልቅ አናደደኝ።

መኪናዋ አባቴ ትቶልን የሄደ አሮጌ ጂፕ ናት። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ባጃጁም ሚኒባሱም ሞልቷል፤ ወደ ጉና ተራራ በኩል ያሉት መንደሮች ግን በክረምት ጭቃውን ደፍሮ የሚደርስላቸው እንደ እሷ ያለ መኪና ብቻ ነው። ድንች ጭናለች፣ ገብስ ጭናለች፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭናለች። አባቴ ሲሞት መሪውን እኔ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እግሬን የሚጠብቅ ይመስለኝ ጀመር። ጎማ ቢተነፍስ በእኔ፣ ማርሽ ቢንቋቋ በእኔ። እሷ ከተሸጠች እኔ ሾፌር መሆኔ ያበቃል፤ ባል የሚፈለግላት የሟች ልጅ ሆኜ እቀራለሁ። ይህን አጎቴም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮኑ ፔዳል መስመጥ ጀምሯል። ስረግጠው ወለል ድረስ ይወርድና እዚያው ይቀራል፤ ማርሹም አልገባም ብሎ ይጮኻል። ደጋግሜ ስረግጠው ለጊዜው ይነሳል። ዘይቱ ጎድሎ አገኘዋለሁ፣ እሞላዋለሁ፣ መልሶ ይጎድላል። አጎቴ ከመኪናዋ ስር አጎንብሰው አይተው «ጠብታ የለም! የት ሊሄድ ነው ታዲያ? እግርሽ ነው» ብለው ፈርደዋል። መካኒኩም አይቶ መሬቱ ደረቅ ነው አለ።

የተበላ ፍሪሲዮን ግን እንዲህ አያደርግም። የተበላ ቢሆን ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ዳገት ላይ በሰነፈች ነበር። የእኔዋ ማርሽ ከገባላት እንደ በሬ ነው የምትጎትተው። ፔዳሉ የሚሰምጠው የሚገፋው ዘይት ስለሌለ ነው። የጎደለ ዘይት ደግሞ አይተንም፤ የሆነ ቦታ አለ።

ቅዳሜ ሊደርስ ሲል ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። እግሬ ያረፈው የአባቴ አጎዛ ላይ ነበር። የጉና ብርድ ብረቱን አልፎ አጥንት ስለሚገባ አባቴ ፔዳሎቹ ስር የበግ አጎዛ አንጥፎ በካልሲ ብቻ ይነዳ ነበር። ከሞተ ወዲህ ያንን አጎዛ ማንም አንስቶት አያውቅም። እናቴ «የእግሩ ሽታ አለበት፣ እንዳትነኪው» ብላኛለች። እኔም መኪናዋን ስጠርግ ዙሪያውን ጠርጌ አልፈው ነበር።

ብድግ ላደርገው ሳብኩት። አልነሳም አለ። ጠጉሩ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከስሩ ያለው ቀለም ተልጦ ብረቱ አፍጧል። በእጄ ሽቅብ ስዳስስ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ከኋላው እርጥብ ነው። ዘይቱ ከዚያ በግድግዳው ተንቆርቁሮ አጎዛው ላይ ያርፋል። አጎዛው ደግሞ አንድ ጠብታ እንኳ ወደ መሬት አላሳለፈም። ያ ሁሉ ሰው ከመኪናዋ ስር ሲያጎነብስ ከርሞ አንዳችንም የሟችን አጎዛ ለማንሳት አልደፈርንም።

ፖምፓውን ፈታሁት። ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ደርቆ ጠርዙ ተቀዷል። ለባሕር ዳር ሚኒባስ ሾፌር ናሙናውን ሰጥቼ አዲስ አስመጣሁ፤ ውስጡን ጠርጌ ቀየርኩት፣ መልሼ አሰርኩት፣ ዘይት ሞላሁ። የቀረው ከቧንቧው አየር ማስወጣት ነው። ይህ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከታች ብሎኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሰው መጥራት አልፈለግሁም። እናቴን ጠራኋት።

በጥቁር ልብሷ መጣች። አጥሩ ላይ ያሰጣሁትን አጎዛ አየችው። ቀረብ ብላ አሸተተችው።

«የሱ ሽታ የለም» አለች።

«የለም፣ እማ። የዘይት ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት ከጎን ተቀምጣ የሄደችባት መኪና ናት፤ መሪው ፊት ተቀምጣ ግን አታውቅም። እኔ ከስር ገብቼ ጭቃው ላይ ተንጋለልኩ።

«ርገጪ! ያዢው! አሁን ልቀቂ!»

እየደጋገምን አየሩ አረፋ እየሆነ ወጣ፤ በመጨረሻ ጥሩ ዘይት ብቻ መጣ። «ጠነከረብኝ» አለች ከላይ። ድምጿ ውስጥ ከለቅሶው በፊት የነበረ ነገር ሰማሁ፤ ደስ አለኝ።

እሑድ አጎቴ ገዥውን ይዘው መጡ። «ይግቡ፣ አጎቴ» ብዬ የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው፤ ገዥው ከኋላ፣ እናቴ ከጎኑ ተቀመጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው ዳገት መሃል ላይ ሆን ብዬ አቆምኳት። አንደኛ ማርሽ ያለ ድምፅ ገባ። ወደ ኋላ ሳታፈገፍግ ተነሳች። አናት ስንደርስ ገዥው «ይቺማ ደህና ናት» አለ።

«ማን ሠራልሽ?» አሉ አጎቴ።

«እኔ።»

ወደ እግሬ አዩ። ባዶ ብረት። ፊታቸው ተቀየረ። «የወንድሜ አጎዛስ? እሱንም ጣልሽው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ከኋላ ተናገረች። «እኔ ነኝ ያነሳሁት። መኪናዋ የሷ ናት፤ የምታነጥፈውን እሷ ታውቃለች። ገዥውን ይመልሱት።»

ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ እሷም እኔም እናውቃለን። መሪውን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ዳገቱን ወረድኩ።

እስከ ዛሬ ምንም አላነጠፍኩም። ጠዋት ጠዋት ብርዱ በጫማዬ ሶል በኩል ይገባል። ይግባ። ዘይት ጠብ ቢል መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ።