የእትዬ ታይፕ

ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አክስቴ ሐሳብ ሲገባቸው ታይፓቸውን ይፈቱ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳሉ የለመዱት ዓይነት አሮጌ የጽሕፈት መኪና ነው። ሰው ሲታመምባቸው፣ ልጅ ሲያመሽባቸው፣ ጋዜጣ አንጥፈው ፊደላቱን በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ያሹ ነበር።

የካዛንቺሱ ቤታችን ሊፈርስ ሆኖ ዕቃ በምንጭንበት ጠዋት እንኳ ታይፑን በታትነው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ሹፌሩ እየጮኸ ነው» አልኳቸው።

«ይጩህ። አቧራውን ይዤ አዲስ ቤት አልገባም» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

አንዲት ትንሽ ስፕሪንግ መመለስ ሲያቅታቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩና አብረን ገጠምናት። ውጭ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበታቸው ቆሟል። ለምን መነሳት እንዳልፈለጉ ያኔ ገባኝ።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ብዙም አልቆዩልን። አርባቸው ካለፈ ወዲህ እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። በረንዳ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ስልኬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ታይፑን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። አንዱ ፊደል ከተመታ በኋላ ወደ ቦታው አልመለስ ይላል። ሥሩን ጠርጌ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ሳደርግበት ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ተሠራ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ክፍላቸው አዙሬ።

እናቴ ከኩሽና ወጣች። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሌላስ የሚያስቸግር አለው?» አለችኝ።

አልነበረውም። አለው አልኳት።