በሦስት ሰዓት የሚነሳው ላፕቶፕ

ወንዳወቅ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፤ «አይጠፋም»። ደንበኛ የተበላሸ ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ፊቱ ጠቁሮ ይገባል። እሱ ገና ክዳኑን ሳይከፍት፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ «አይጠፋም» ይላል። «አንተ ሰው፣ መጀመሪያ እየው እንጂ!» እላለሁ እኔ ከወዲያ ማዶ። ሰምቶኝ አያውቅም።

እኔ አደይ ነኝ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ወንዳወቅ ከቤቴ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ዘርግቶ ኮምፒውተር ይጠግናል። የሽንዲ ገበሬ ልጅ ነው፤ አስራ አንደኛ ክፍል ለመማር እዚህ እስኪመጣ ድረስ ከአባቱ ጋር በሬ ጠምዶ ሲያርስ ነው ያደገው። ዛሬም አልለቀቀውም። የዘገየ ኮምፒውተር ሲገጥመው እንደ በሬ ያባብለዋል። «ና በል... ና በል የኔ ጌታ... ምነው ዛሬ ለገምህ?» እያለ ጎኑን መታ መታ ያደርገዋል። ደግ ልጅ ነው፤ ክፉ ነገር አይወጣውም። ግን ችኩል ነው። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው አንብቦ አይጨርስም፤ «አዎ» ብሎ ያልፋል። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ!

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያምሮት መጣች። ያምሮት ቡሬ ኮምፒውተር የምትማር የመምህር ፀጋው ልጅ ናት። የአባቷን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች።

መምህር ፀጋውን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። በልጅነታቸው ዲያቆን፣ በኋላ የሒሳብ አስተማሪ ሆኑ። መንገድ ላይ ተማሪ ካገኙ የሚያልፈውን ባጃጅ ታርጋ በጣታቸው እያሳዩ «ለአስራ አንድ ይካፈላል ወይስ አይካፈልም?» ብለው ያፋጥጡታል። ወንዳወቅም ተማሪያቸው ነበር። አንድም ቀን በትክክል መልሶላቸው አያውቅም፤ ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር። ባለፈው ግንቦት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዙ ወደቁ። አልተነሱም።

ያምሮት የፈለገችው ቀላል ነገር ነው። ለትምህርቷ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ያስፈልጋታል፤ ከአባቷ ላፕቶፕ ሌላ የላትም። የቆየው ዊንዶውስ እንዳለ ሆኖ ሊኑክሱ ከጎኑ ይጫንልኝ አለች፤ ሲበራ አንዱን መርጣ እንድትገባ።

«ብቻ አሮጌው እንዳይነካ፣ ወንዳወቅ» አለች። «የአባቴ ድምፅ አለበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ፀጋው ገና ሳይነጋ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ እልፍነሽ ደግሞ እንቅልፍ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ መምህሩ ላፕቶፑ በየቀኑ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ራሱ ተነስቶ በድምፃቸው የቀዱትን እንዲያሰማ አድርገው አዘጋጁት። መጀመሪያ ትንሽ ያስላሉ። ቀጥለው «እልፍነሽ፣ ተነሽ፤ ነግቷል» ይላሉ። ከዚያ ውዳሴ ማርያም ያነባሉ። ከሞቱ በኋላም ላፕቶፑን የነካው የለም። አምስት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ በአስራ ሁለት ሰዓት፣ ያ ማሽን በራሱ ይበራና ሟቹ ሚስታቸውን ይቀሰቅሳሉ።

«እማዬ ያለዚያ ድምፅ አትኖርም» አለች ያምሮት።

«ሌላ ኮፒ አላችሁ?» አልኳት። ኮፒ ሥራዬ ነውና።

«የለንም፤ ያለው እዚሁ ላይ ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ድምፁን ፍላሽ ላይ ገልብጥ» አልኩት ወንዳወቅን።

«እታለም ሙች፣ አይጠፋም» አለኝ። «እንደ መሬት እኮ ነው። መሃሉ ላይ ድንበር አበጅቼ ግማሹን ለአዲሱ እሰጣለሁ፤ የመምህሩን ድርሻ ጫፉንም አልነካ።»

ድንበሩንስ በትክክል አበጀ። ችግር የመጣው ሊኑክሱን የያዘው ፍላሽ አልነሳ ሲል ነው። ደጋግሞ ሞከረ፣ አባበለ፣ ጎኑን መታ መታ አደረገ። በመጨረሻ ከሲስተሞቹ ሁሉ በታች ወዳለው ዋና ማስተካከያ ገባና መከላከያ የሚመስለውን ሁሉ እያጠፋ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ማሽኑ ረጅም ነገር ጽፎ ጠየቀው። «አዎ» አለው። ፍላሹ ተነሳ፤ ሊኑክሱ ተጫነ፤ «አየሽ፣ እታለም?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ አጥፍቶ አበራና የመምህሩን ዊንዶውስ መረጠ።

ሰማያዊ ገጽ መጣ። በገጹ ላይ ስምንት ባዶ ሳጥኖች አሉ። የመክፈቻ ቁጥር አስገባ ይላል፤ በየሳጥኑ ስድስት፣ በጠቅላላ አርባ ስምንት አኃዝ።

ወንዳወቅ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ለካ የመምህሩ ዲስክ ድሮም የተቆለፈ ነበር። ቁልፉ ማሽኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ቺፕ ተቀምጦ በየጊዜው በዝምታ ይከፍትላቸው ነበር። ወንዳወቅ ሳያነብ «አዎ» ያለው «ቺፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። አሁን የቀረው መክፈቻ ባለቤቱ ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ቁጥር ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግሞ መቃብር ውስጥ ናቸው።

ያን ዕለት ማታ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ተናዘዘ። «ረጅም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ፈልጉልኝ» አለ። ያምሮት ደብተሮቹን፣ የማርክ መዝገቦቹን፣ የስልኩን ማስታወሻ ሁሉ አገላበጠች። እትዬ እልፍነሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ የስልክ ቁጥር ግን ለይተው ያውቃሉ፤ ሣጥኑንና ትራሱን ፈተሹ። ምንም የለም። አልተቆጡትም አሉ። አለመቆጣታቸው ነው ወንዳወቅን የገደለው።

ሰኞ ዕለት ላፕቶፑ ወንዳወቅ ጠረጴዛ ላይ ጠፍቶ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣ ቻርጅ ላይ ነበር። እኔ የአንድ ገበሬ የይዞታ ደብተር ኮፒ እያደረግሁ ነው። ድንገት ከጥጉ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ከክዳኑ ሥር ሰማያዊ ብርሃን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። ወንዳወቅ እጁ በኪሱ ነው። ማንም አልነካውም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት።

ማክሰኞም በሦስት ሰዓት ተነሳ። ረቡዕም። ይነሳል፣ ስምንቱን ባዶ ሳጥኖች ደርድሮ ይጠብቃል። ድምፅ የለውም፤ ግን የሚናገረው አጥቶ የቆመ ሰው ይመስላል። ሐሙስ ጠዋት በሃይላንድ ጠበል ይዤ መጣሁ። ወንዳወቅ ላፕቶፑ ላይ በደረቱ ተደፋበት።

«እታለም፣ በሞቴ! ይሄን የሚጨርሰው ውሃ ነው!»

«ታዲያ በየቀኑ በሦስት ሰዓት ማን ነው የሚያስነሳው?»

አስረዳኝ። አዲሱ ሲስተም የማሽኑን ሰዓት በውጭ አገር አቆጣጠር ይይዘዋል፤ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶታል። መምህሩ ለአስራ ሁለት የሞሉት መቀስቀሻ ስለዚህ በሦስት ሰዓት ይደርሳል። «ሌላ ነገር የለውም» አለ። እኔም ልቤ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ያምሮት ከቡሬ ደወለች፤ ነገሩን ነገርናት።

«አባዬ ክፍል ውስጥ የወደቀው በሦስት ሰዓት ነው» አለች።

ወንዳወቅን «አስተካክለው፣ ሰዓቱን መልሰው» አልኩት። «አልነካውም» አለ። «ከእንግዲህ ሳላውቅ ምንም አልነካም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «አይጠፋም» የምትለው ቃል ከአፉ ጠፋች። ኔትወርክ ባለ ሰዓት ሁሉ ስለዚያ ቁልፍ ያነባል፤ ደንበኛ ሲመጣ ቀና አይልም። አሳዘነኝ። ላፕቶፑን መፍራት ትቼ ለእሱ መፍራት ጀመርሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ እትዬ እልፍነሽ ከልጃቸው ጋር መጡ። ጥቁር ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። «በሦስት ሰዓት ይነሳል ብላ ነገረችኝ። በዓይኔ ልየው» አሉ። ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ጠበቅን። የመናኸሪያው ረዳቶች «ቡሬ! ቡሬ!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል።

ተነሳ።

ሰማያዊው ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲያርፍ እትዬ እልፍነሽ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የቆዳ ክታብ ጨብጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያምሮት ልትደግፋቸው ተነሳች። «እማዬ፣ ምነው? አባዬ እኮ ነው» አለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ለራሷም የገባት አይመስለኝም።

«እሱ መሆኑን አውቄ ነው የምፈራው» አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ። «እናቴ ሙት በስምሽ ሲጠራሽ አቤት እንዳትይ፣ አቤት ያለ ይከተላል ብላ ነው ያሳደገችኝ። አምስት ወር ሙሉ እልፍነሽ፣ ተነሽ እያለ ጠራኝ። አምስት ወር ሙሉ ጋቢ ተከናንቤ ዝም አልኩት። ያን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ ባሌን ፈራሁት ብዬ ለማን ልናገር? ከዳዊቱ ውስጥ ያገኘሁትን ጸሎት ማንኩሳ ወስጄ በቆዳ አሰፋሁና አንገቴ ላይ አሰርሁ። ከድምፁ ይጠብቀኝ ብዬ።» ትንሽ አረፉ። «አሁን ዝም ሲል ደግሞ ባሰብኝ። በአስራ ሁለት ሰዓት ዓይኔን አፍጥጬ እጠብቃለሁ። ሁለተኛ ሞተብኝ።»

እኔም አለቀስሁ፤ ምን ላድርግ?

ወንዳወቅ ግን ክታቡን ነው የሚያየው። «እትዬ፣ ምን ዓይነት ጸሎት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። የግዕዝ ነው። በገዛ እጁ የጻፈው። አጭር አጭር መስመር ነው፤ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጥሬዋለሁ፤ ስምንት ናት።»

ወንዳወቅ ወደ ስምንቱ ሳጥኖች ዞረ። ያምሮትም ዞረች። ክታብ የሚፈታ ነገር አይደለም፤ እሳቸው ደግሞ ያሰሩት ከዚሁ ከፊታቸው ከበራው ነገር እንዲጠብቃቸው ነው።

«እማዬ፣ ቁጥሩ እሱ ሊሆን ይችላል» አለች ያምሮት በመጨረሻ።

እትዬ እልፍነሽ ላፕቶፑን አዩት፣ ቆዳውን ዳሰሱት። ከዚያ ክሩን በራሳቸው አውልቀው እጄ ላይ አኖሩት። «ቅደጂው፣ አደይ» አሉኝ። የወረቀት ምላጬን አንስቼ ስፌቱን ፈታሁ።

ወረቀቱ ላይ አንድም የጸሎት ቃል የለም። ስምንት መስመር የግዕዝ ቁጥር ብቻ ነው። ያምሮት እየሳቀች አለቀሰች። «ወይ አባዬ! ሌባ ቢያገኘው ቁጥር እንዳይመስለው ነው።» በልጅነቷ አስተምረዋት ስለነበር እሷ አነበበች፣ ወንዳወቅ ሞላ፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን አኃዝ ሦስት ጊዜ እያየ። ስድስቱ መስመሮች አለፉ። ሰባተኛው ላይ ቆመች።

«፵፼፸... ከሰባው ቀጥሎ ያለችውን ምልክት መርፌው በስቷታል። ከዚያ ፻፶፫ ነው።»

በተለመደው አኃዝ ሲጻፍ አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ቀዳዳ፣ አምስት፣ ሦስት። ወንዳወቅ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። ሲያነብ ከርሞ ያገኘው አንድ ነገር ነበር፤ በየሳጥኑ የሚገባው ቁጥር ለአስራ አንድ መካፈል አለበት። ፊቱ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊት ሆነ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። «አንድ እየዘለልህ ደምር ይሉን ነበር... አራት፣ ሰባት፣ አምስት፤ አስራ ስድስት። በዚያኛው ወገን ዜሮ፣ ቀዳዳው፣ ሦስት። ልዩነቱ አስራ አንድ እንዲሆን ያኛው አምስት መሙላት አለበት። ሦስት አለው...» ቀና አለ። «ሁለት ነው። ይካፈላል፣ ጋሼ።»

ጋሼ ያለው ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ስምንተኛውንም ሞሉ። ሰማያዊው ገጽ ጠፋ፤ ለጥቂት ጊዜ ሁሉ ነገር ጨለማ ሆነ። ከዚያ የመምህሩ ዊንዶውስ መጣ፤ የማርያም ሥዕል፣ የማርክ ፋይሎች፣ ሁሉም እንደነበሩ። ትንሽ ቆየና ሳል ተሰማ። እኔ የማውቀው ሳል ነው፤ ኮፒ ሊያስደርጉ ሲመጡ ደጄ ላይ የሚያስሉት።

«እልፍነሽ፣ ተነሽ፤ ነግቷል።»

አንገታቸው ላይ ክታብ የለም። ያምሮት እጃቸውን ያዘች። እትዬ እልፍነሽ ከወንበሩ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«አቤት» አሉ።

ውዳሴ ማርያሙ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙት። ሲያልቅ ወደ ወንዳወቅ ዞሩ። «ሰዓቱን መልስልኝ፣ ልጄ» አሉት። «እሱ በአስራ ሁለት ነው የሚቀሰቅሰኝ።»