የእትዬ ይመኙሻል ኦታዋ

እትዬ ይመኙሻል ጃጅተዋል የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ እኔን ሀፍሳን ያነጋግረኝ። ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ውስጥ በአንድ ኮሪደር፣ በር ለበር ሃያ ዓመት ኖረናል። የማን ልጅ መቼ እንደተመረቀ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ የትኛው ሱቅ የከረመ በርበሬ እንደሚሸጥ፣ ሊፍታችን ስንት ጊዜ እንደተበላሸ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቤታቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ። እኔ ቤት ሲመጡ ደግሞ ቴሌቪዥኑን በጣታቸው ጠረግ አድርገው፣ "አንቺ ሀፍሳ፣ ይሄ አቧራ ኪራይ ይከፍላል?" ይሉኛል።

ጣጣውን ያመጣው ኦታዋ ነው። እትዬ በስደት ሲመጡ የገቡት እዚህ ቶሮንቶ ሳይሆን ዋና ከተማው ኦታዋ ነበር። እዚያ ሆስፒታል እያጸዱ አምስት ዓመት ኖሩ። ባላቸው ጋሽ ዓለማየሁ ሲሞቱባቸው የሦስት ዓመት ልጃቸውን ጸዮንን ይዘው ወደዚህ መጡ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የኦታዋን ስም አንስተው አያውቁም። ባለፈው ዊንተር ግን፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አፋቸው ተከፈተ።

"እኔ የማጸዳው ሆስፒታል ውስጥ" አሉኝ አንድ ቀን፣ "ድሮ አንድ ክፍል ካናዳ አልነበረም።"

"እንዴት ነው እትዬ፣ ካናዳ መሀል ቁጭ ብሎ ካናዳ የማይሆነው?"

"በዓለም ጦርነቱ ጊዜ የሆላንድ ልዕልት ተሰዳ መጥታ እዚያ ወለደች። የልጅቷ ዜግነት የእናቷ ብቻ እንዲሆን ክፍሉ የካናዳ አይደለም ብለው አወጁላት። ሆላንዶች ለውለታው እስከ ዛሬ በየዓመቱ አበባ ይልካሉ።"

ሌላ ቀን ደግሞ ፓርላማው ግቢ ውስጥ ድመቶች የራሳቸው ትንንሽ ቤት ነበራቸው አሉ። ከተማው መሀል የመንግሥት እርሻ አለ፣ ከነላሞቹ አሉ። ዊንተር ሲገባ ከተማውን የሚያቋርጠው ቦይ ውሃው ድንጋይ ይሆንና ሰው ቦርሳውን አንግቶ፣ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሥራ ይገባል አሉ። እኔ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያልኩ እስቃለሁ። ጸዮን ግን አትስቅም።

ጸዮን ክፋት የለባትም፣ እናቷን ትወዳለች። ችግሯ፣ ከፈራች ቆም ብላ አታስብም። "አንቲ ሀፍሳ፣ ማሚ ዝም ብላ ነገር እየፈጠረች ነው። ስቶቩን ሳታጠፋ ብትተኛስ?" አለችኝ። ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ፣ አንድ የአረጋውያን ቤት አግኝታ ፎርሙን ሞልታለች፤ የቀረው የዶክተሩ ወረቀት ብቻ ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ የበራቸውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አወጡና አንገታቸው ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰሩት። ወላሂ፣ አንጀቴን በሉት።

የጸዮን አማርኛ ዶክተሩ ለሚሰጠው የማስታወስ ፈተና ስለማይበቃ አስተርጓሚ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብሎ ጠየቃቸው። "ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት" አሉ፤ እኔም እንደወረደ ገለበጥኩለት። ዶክተሩ ጻፈ። ቀጥሎ ሰዓት ይሳሉ አለ፤ ኢለቨን ቴን ላይ ይሁን። "አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ያድርጉት" አልኳቸው። እትዬ ክቧን አሳምረው ሠሩ፣ ቁጥሮቹን ደረደሩ፣ አጭሩን ቀስት አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አሳረፉ። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። ብቻቸውን ባይኖሩ ይሻላል አለ። ጸዮን አለቀሰች፤ እኔ ደንቆሮዋም አብሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ እትዬ በሬን አንኳኩ። "ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤት አድርሺኝ" አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኬ ላይ አላርም ልሞላ ስል ጣቴ በራሱ አምስት ቁጥር ላይ ሄዶ ቁጭ አለ።

ክው አልኩ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስንቀጣጠር አንድ ቀን ተሳስተን አናውቅም! እሳቸው እኮ ያልኳቸውን ነው የሣሉት። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር በትክክል ነው የመለሱት። የጃጀሁትስ እኔ! ምላሴን በቆረጠው!

ወዲያው ጸዮንን ኮል አድርጌ ጠራኋት። እናቷ ቤት ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማችኝና፣ "ኦኬ፣ ሰዓቱስ ይሁን። ስለ ኦታዋ የምትለውስ?" አለችኝ።

"ስልኩ እጅሽ ላይ አይደለም እንዴ? ፈልጊያ!" ብዬ ጮህኩባት። ያን ሁሉ ፎርም ስትሞላ አንድ ቀን እንኳ እውነት ይሆን ብላ አልፈለገችም እኮ።

ፈለገች። የልዕልቲቱ ክፍል እውነት ነው። አበባውም እውነት ነው። ድመቶቹ ከነቤታቸው በፎቶ ወጡ፣ እርሻው ከነላሞቹ ወጣ። ቦዩ ላይ ስትደርስ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የበረዶ መንገድ ይላል። ጸዮን ማንበቧን ትታ እናቷን ማየት ጀመረች።

"ጨረስሽ?" አሉ እትዬ። "አንዱን ግን እዚያ አታገኚውም። ዴይኬር ያደርስሽ የነበረው አባትሽ ነው፤ በዚያ በረዶ ላይ፣ በሸርተቴ እየጎተተ። መንሸራተት ስለማይችል በቦት ጫማው ይሮጣል፤ አንቺ ከኋላ 'ሩጥ፣ በቅሎዬ!' ትዪዋለሽ።"

ጸዮን ስልኩን አስቀመጠች። "ለምንድነው ያልነገርሽኝ?"

"ስሙን ሳነሳ እንባ ያንቀኝ ነበር። አሁን ሳልሞት ልንገራት ብዬ ከሩቁ ብጀምር፣ አንቺ አበደች አልሽኝ።"

ልጅቷ እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። እትዬ ፀጉሯን ዳበሱላት። እኔ ሻይ ልጥድ ተነሣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዶክተሩ ዘንድ ተመለስን። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አስረዳሁት። የእኛ ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ ነው፤ ለእነሱ ሰባት ሰዓት የሆነው ለእኛ አንድ ነው፤ ዓመታችንም ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው አልኩት። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ የጻፈውን ለማረም አላፈረም፤ አዲስ ወረቀት ሰጠና ያንኑ ኢለቨን ቴን ደገመ። እኔም ተረጎምኩ።

እትዬ እርሳሱን አነሱና ቆም አሉ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"በእኛ ነው በእነሱ?"

ዶክተሩ ምን አሉ አለኝ፣ ነገርኩት። ሳቀና በሁለቱም ይሥሩት አለ። ሁለት ክብ ሠሩ፣ ሁለቱም ልክ። ብቻቸውን መኖር ይችላሉ ብሎ ጻፈ። ጸዮን ያን ፎርም እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ቀደደችው።

ሕንፃችን ስንደርስ እትዬ ቁልፉን ከማተባቸው ፈቱና በራቸውን ራሳቸው ከፈቱ። ጸዮን ካፖርቷን ሳታወልቅ ተከትላቸው ገባች።

"ማሚ፣ በቅሎው ይወድቅ ነበር?"

"ስንቴ!" አሉ እትዬ።