ሚስቴ በፎቶ ያወቀቻቸው ቅስቶች

ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለች ሐኪሟ እስክትወልድ ድረስ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ መውጣትና መውረድ ቀርቶ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት እንኳ ተከለከለች። ቀን ቀን እህቷ እየመጣች አብራት ትውላለች፤ ማታ እኔ እተካለሁ።

"ውጭው እንዴት ዋለ?" ትለኛለች ገና በሩን ስከፍት።

እኔ ደግሞ ወሬ አይሆንልኝም። የምሠራው አቃቂ፣ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዛሬና ትናንት አይለዩም። "ደህና ዋለ" እላታለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከጋብቻችን በፊት ከትከሻዬ የማትጠፋ የነበረችውን አሮጌ ካሜራዬን ይዤ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ባቡሩ ከቀረ ቆይቷል፤ በሐዲዶቹ መሃል ሣር በቅሏል። ዕቃ ይጫንበት የነበረውን መድረክ ዞሬ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ስወርድ፣ ከመድረኩ ሥር የድንጋይ ቅስቶች ተደርድረው አየሁ። የክረምት ጎርፍ እንዲያሳልፉ የተሠሩ ይመስለኛል። ከላይ ለሚሄድ ሰው አይታዩም፤ እኔም ስንት ዓመት በላያቸው ስመላለስ መኖራቸውን አላወቅኩም ነበር።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ቅዝቃዜው ፊቴን ዳሰሰኝ። እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። የአስፋልቱ የከባድ መኪና ጩኸት እዚያ ሲደርስ የተኛ ሰው ትንፋሽ መስሎ ነበር። አንዱ ቅስት ወደ ሌላው ያስገባል፣ ያም ወደሚቀጥለው፤ ጠርዛቸው በቀይ ጡብ አጊጧል። ከጣሪያው አንድ ድንጋይ ወድቆ በቀረው ቀዳዳ ብርሃን እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይወርዳል፣ አቧራውም በውስጡ ቀስ እያለ ይዞራል። የምሳ ሰዓቴ እስኪያልቅ ፎቶ አነሳሁ።

ማታ ላፕቶፑን ትራስ ላይ አድርጌ አሳየኋት።

"ይሄ የት ነው?"

"ባቡር ጣቢያው ሥር።"

"የኛ አቃቂ?"

"የኛ አቃቂ።"

ቀና አለች። የዚያን ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም። "እዚች ጋ አልጋ እናደርጋለን፤ በዚህ በኩል ደግሞ የልጁ ክፍል" እያለች በጣቷ ቤት ስትሠራ አመሸች። ከዚያ በኋላ አዛዤ ሆነች። ነገ ከግራ በኩል ያለውን አንሳልኝ፤ ነገ ደግሞ ፀሐይ ዘወር ስትል ሂድ። አንድ ጠዋት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ሌሊት ገብቼበት ነበር" አለችኝ። "ውሃ ነበረው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ለብ ያለ ውሃ።" እግሮቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀስ አድርጋ ስታንቀሳቅስ አየሁ።

አንድ ምሽት ፎቶ እያጎላች ስታይ ድንገት እጇን ገታ አደረገች። "ይቺ ሴትዮ ማናት?"

"የትኛዋ?"

ጥግ ላይ፣ ከድንጋዩ ቀለም የማትለይ አንዲት ሴት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሻሿ ብቻ ትንሽ ነጣ ብሏል። "ማንም አልነበረም እኮ!" አልኩ። ሚስቴ የቀደሙትን ፎቶዎች እየመለሰች አየች። "እዚህም አለች። እዚህም።" እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ግን ጭራሽ አልደነገጠችም። "ነገ ሂድና ሰላም በላት" አለችኝ።

በነጋታው ካሜራዬን ሳላወጣ መግቢያው ላይ ቆምኩና ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅኩ። "እማማ፣ እንደምን ዋሉ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ" የሚል ድምፅ ከጥጉ መጣ። "ዛሬ ሳታነሳ?"

የወሎ ሰው ናቸው። ጠዋት ገበያ ሽንኩርት ሲሸጡ ቆይተው፣ እግራቸው ማበጥ ሲጀምር እዚያ ቅዝቃዜው ውስጥ አረፍ ይላሉ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አላናገሩኝም?"

"ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምታነሳው። እንዳላበላሽብህ ብዬ ዝም አልኩ።"

ሳቅኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ለማን እንደማነሳ ነገርኳቸው።

"አብሽር" አሉኝ። "እኔም አንዷን ልጄን እንዲሁ ተኝቼ ነው የወለድኳት። ህመሙንስ ቻልኩት፤ የጨነቀኝ ጣሪያው ነበር። ሁልጊዜ ያው አንድ ጣሪያ።" ተነሥተው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ብርሃኑ የሚወርድበት ቦታ ሄደው ቆሙ። "በል አሁን አንሳኝ። ደህና አድርጋ ትየኝ። አላህ በሰላም ይገላግልሽ ብላለች በላት።"

ሚስቴ ያንን ፎቶ አይታ አልጠግብ አለች። ከዚያ በኋላ የሁለቱ መልእክተኛ ሆንኩ። እሳቸው እግሯን በትራስ ከፍ አድርጉላት ይላሉ፤ እሷ እህቷ የጋገረችውን ዳቦ ትልካለች። እሳቸው ደግሞ ዛሬ እንዴት አደረች ብለው ሳይጠይቁኝ ካሜራዬን አያስነኩኝም።

ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። ክርስትና ከተነሣች በኋላ ሦስታችንም በሚኒባስ ወደ አቃቂ ሄድን። ሚስቴ ቁልቁለቱን ክንዴን ይዛ ወረደች፤ መግቢያው ላይ ስትደርስ ግን ለቀቀችኝና ብቻዋን ገባች።

"ቦታዋ ትንሽ ናት እኮ!" አለች ዙሪያዋን እያየች። "እኔ የማውቀው ሰፊ ነበር።" ሳቋ ከቅስት ወደ ቅስት እየተንከባለለ ሄደ፤ ልጃችን ዓይኗን ከፍታ ድምፁ ወደ ሄደበት ዞረች።

"መጣሽ?" አሉ ሴትዮዋ ከጥጉ።

"መጣሁ፣ እማማ።"

ሌላ መተዋወቅ አልነበረም። ሚስቴ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እሳቸው እጃቸውን በሻሻቸው ጠርዝ ጠርገው ልጅቷን ተቀበሉ። ስለ ምጡ፣ ስለ ጡት፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ ማውራት ጀመሩ። ጥቂት ፎቶ አነሳሁ። ወሬያቸው የሚያልቅ እንዳልሆነ ሲገባኝ ወጥቼ በር ላይ ያለው የሞቀ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና፣ ቃሉን ሳልሰማ ድምፃቸውን ብቻ እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።