ክራቸው የተፈታ ድስቶች

ስልኬ ሲጮኽ የአሠሪዬን ዓሣ ቅርፊት እየፋቅሁ ነበር። እጄን ታጥቤ፣ አድርቄ፣ አማትቤ ከፈትኩት። የታናሽ ወንድሜ ድምፅ ነው። «እታለም፣ እማዬን ትናንት ቀበርናት» አለና ለቅሶ ቀደመው፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ጣቶቼ ቢታጠቡም ዓሣ ዓሣ ይሸቱ ነበር። ያ ሽታ ከቤሩት አንሥቶ አገሬ ሐይቅ ዳር አወረደኝ።

እናቴ የካቶሊኮቹ የወንዶች ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። ወንድሜ እዚያ የሚማረው በእሷ ሥራ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚሲዮን ይባል እንጂ ተማሪዎቹ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበሩ። በየዓመቱ በበዓለ ሃምሳ የተማሪዎቹ አባቶች ሁሉ ይጋበዛሉ። በእኛ አገር ሰው ሠርጉን፣ ለቅሶውን፣ ደቦውን ይጋራል፤ ሥጋውን ግን አይጋራም። ስለዚህ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱን የመንደሩ ሼህ «ቢስሚላህ» ብለው፣ አንዱን አጎቴ «በስመ አብ» ብሎ። እናቴም በአንዱ ድስት ጆሮ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ፣ በሌላው ላይ እንደ ማተብ ጥቁር ክር ታስር ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ በአንዱ ዓመት የግብዣ ዕለት፣ እኔና እናቴ ውኃ ልንቀዳ ወጣን። ስንመለስ በቅርቡ ከባሕር ማዶ የመጣው የሚሲዮኑ ፈረንጅ መነኩሴ፣ ብራዘር የምንለው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ፈገግ ብሎ ጠበቀን። ሊያግዘን ብሎ ድስቶቹን ከእሳት አውርዶ፣ ጥላሸታቸውን ወልውሎ፣ ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል። ክሩንና ጨርቁን እሳት ውስጥ ጥሏቸዋል። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

እናቴ ክዳኖቹን ከፈተች፤ አሸተተች፤ ዘጋች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሁለቱ በግ ነው» አለ ብራዘር ግራ ገብቶት፣ «አንድ ነው።»

«በጉማ አንድ ነው፣ አባቴ። ቢላው ነው ሁለት።»

ውጭ እንጀራው ቀርቧል፤ አባቶች እጃቸውን ታጥበዋል። ዝም ብላ ብታወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ብትናገር ግን ሥራዋ ይቀራል፣ ወንድሜም ከትምህርት ቤት ይወጣል። ነጠላዋን አደግድጋ ወጣችና በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። ብራዘሩን አልከሰሰችም፤ «የቱ ድስት የማን እንደሆነ ጠፋብኝ» ብቻ አለች።

አንድ አባት ልጁን በክንዱ አንሥቶ፣ «ልጅህን ላክ፣ ላክ ስትሉኝ ለዚህ ኖሯል!» አለ። ሌሎችም መነሣት ጀመሩ። የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ቁጭ በል!» አሉት ሼሁ። «ዝም ብላ ብታቀርብልህ እኮ በልተህ፣ መርቀህ ነበር የምትሄደው። ከዚህች ሴት የበለጠ ለልጅህ ማን ይጠነቀቅለታል?» ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «አብሽሪ፣ እህታለም። ሐይቁ እዚሁ ታች አይደል? ዓሣን የሚያርድ የለ። እሱን ማን ባረከው ብሎ የሚጠይቅም የለ» አሉ።

አጎቴ ሳቀ፤ ሰውየውም እያጉረመረመ ተቀመጠ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከታንኳ የወረደው ዓሣ ተጠበሰና፣ ልጅ አዋቂው ከአንድ ትሪ በላ። እናቴ ግን አልቀመሰችም፤ ጀርባዋን ሰጥታን ስትጠብስ ትከሻዋ ይርገበገብ ነበር። እሷም በሥራዋ ቀጠለች፤ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ግብዣ ሁልጊዜ ዓሣ ሆነ።

እነሆ አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ። ወንድሜንም ደግሜ መጠየቅ አልሆነልኝም፤ ድምፄን ሲሰማ ያለቅሳል። ያን ዕለት ከዚያ ትሪ የበላችሁ፣ ዛሬ አባት የሆናችሁ ልጆች፣ በለቅሶዋ ድንኳን ነበራችሁ? ከነበራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ዓሣ ይዞ የመጣ ሰው ነበር?