ጡብ ላይ የወጣው ቤታችን

ዘንድሮ ኃይለኛ ዝናብ ይመጣል ስለተባለ፣ ትናንት ናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ላለው ምድር ቤታችን አሸዋ የተሞላ ጆንያ አስመጥቼ ደጃፉ ላይ ደረደርኩ። ጆንያው ረጥቦ ነበርና የእርጥብ ቃጫ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው፣ ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ሳላስበው ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ሳውዝ ሲ በነበረው የኪራይ ቤታችን ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

ናይሮቢ የገባነው በደርግ ዘመን ነው፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ታላቅ ወንድሜን ሰሎሞንን እኔ ገና ዳዴ ስል ከአዲስ አበባው ቤታችን ወስደውት በዚያው ቀርቷል። የሳውዝ ሲው ቤት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር፣ የሚያዝያ ዝናብ ሳይገባ ጎረቤታችን ማማ ንጄሪ እጅጌዋን ሰብስባ መጣችና እንደ ጦር አዛዥ ታዘን ጀመር። አሸንዳው ከቅጠል ተጠረገ፣ ደጃፉ ላይ ጆንያ ተደረደረ፣ አልጋው፣ ሶፋው፣ የአባቴ የመጽሐፍ ሣጥን ሳይቀር ጡብ ላይ ወጣ። እሷ አማርኛ፣ እናቴ ስዋሂሊ አይችሉምና ማማ ንጄሪ ዕቃውን በጣቷ እያሳየች «ዌካ ጁ» ትላለች፣ ወደ ላይ አድርጊው ማለቷ ነው፤ እናቴም «እሺ ማማ፣ ጁ» እያለች ታነሳለች። ሶፋው ከፍ ከማለቱ የተነሳ አባቴ ተቀምጦ እግሩን እንደ ሕፃን ሲያንጠለጥል ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር።

ማማ ንጄሪ ያላየችው አንድ ዕቃ ነበር። ሰሎሞን እኔን አቅፎ የተነሳው ፎቶ ለእናቴ ከልጇ የተረፈላት ብቸኛ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ በፍርሃት ተቃጥሏል። ቤት ለቤት በሚፈተሽበት በዚያ ዘመን የተወሰደ ልጅ ፎቶ ሌላ መዘዝ ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራ፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከትታ አዲስ አበባ ጓሯችን ቀብራው ኖራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ማንም በማይፈትሸን አገርም ያንኑ ቆርቆሮ ሳውዝ ሲ ጓሯችን ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር መልሳ ቀበረችው። ለእሷ ከአፈር የታመነ ቦታ አልነበረም።

ዝናቡ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወረደ። ጎርፉ ጆንያውን አልፎ ገባ፣ ወለሉን ሸፈነ፣ የመጀመሪያውን ጡብ አርሶ እዚያው ቆመ። አባቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ዙሪያውን ቃኘና «ተመስገን፣ ምንም አልጠፋብንም» አለ። እናቴ ግን በጓሮው በር ወጣች። ቀጥሎ በመስኮት ያየሁት፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆና በእጇ ከዛፉ ሥር ስትቆፍር ነው። ማማ ንጄሪ ከአጥሩ ማዶ አየቻትና ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ መቆፈሪያ ይዛ መጣች።

ቆርቆሮው ጭቃ ሞልቶታል። በፎቶው ላይ ደህና የተረፍኩት እኔ ነበርኩ፣ ድድ ብቻ ሆኜ እየሳቅሁ፤ ወገቤን የያዙት ሁለት እጆችም አሉ። ከእጆቹ በላይ ያለው ታጥቧል። እናቴ አላለቀሰችም። ፎቶውን አድርቃ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲያ አፈር ውስጥ የደበቀችው ነገር አላስታውስም። እኔ ግን እናደድባት ነበር፤ እንዴት ሶፋ አንስታ ልጇን መሬት ትተዋለች እያልኩ። ፍርሃቷን ለመረዳት እኔም ልጅ መውለድ ነበረብኝ።

ትናንት፣ እዚህ ያደገችው ልጄ ፓስፖርቶቻችንንና ወረቀቶቻችንን በፕላስቲክ ከታ ስታበቃ፣ ያንን ፎቶ አንስታ «ማሚ፣ ይሄስ? ሕፃኗን ያቀፈው ፊት እኮ የለውም» አለችኝ። «ዌካ ጁ፣ ከሁሉም በላይ» አልኳት። ማን እንደሆነ ነገርኳትና ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀችኝ። እናቴ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ፊቱን ታውቀው ነበር፤ አባቴም እንዲሁ። እኔ የማውቀው እጆቹን ብቻ ነው።